ደም ውስጥ ያልተገኘ ወባ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ከተንቀጠቀጠ ወባ ነው፤ ክርክር የለውም። ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት እኩለ ቀን አንዱ በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደራርቦ ተጠቅልሎ ቢታይ፣ ግራ የሚገባው ከደጋ የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ያገሩ ሰው «ያዘው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፣ «አዎ፣ ይዞታል» ይባላል፣ ጨዋታውም ወደ ሽንኩርቱና ወደ ዝናቡ ይዞራል። ከበሽታ ጋር ይህን ያህል መዛመድ ጥሩ ነው መጥፎ የሚለውን ሌላው ይፍረድ። ገብረሚካኤልን ግን ጉድ የሠራው ይኸው ዝምድና ነው።

ገብረሚካኤል ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የወባ ኬሚካል በጀርባው አዝሎ፣ ከቀወት ቀበሌዎች እስከ ማጀቴ ቤት ለቤት ሲረጭ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሰዉ ግን ጡረታውን አልተቀበለለትም። ልጁ ያተኮሰው ሁሉ ጤና ጣቢያ ከመሄዱ በፊት እሱ ደጅ ይቆማል። እሱም የእጁን ጀርባ ማጅራት ላይ ያሳርፋል፣ የዓይን ቆብ ገለጥ ያደርጋል፣ ብርዱ ስንት ሰዓት ላይ እንደጀመረ ይጠይቅና ይፈርዳል። አብዛኛውን ጊዜ አይስትም። «ገብሬ ወባ» ይሉታል። ስሙን የሚጠላ ይመስላል እንጂ በሌላ ስም ቢጠሩት ቅር የሚለው እሱው ራሱ ነው።

የመጨረሻ ልጁ እዮኤል ሹፌር ነው። የአንድ ፈይሰል የሚባል ነጋዴ አይሱዙ ይነዳል፤ ከሮቢ ወንዝ ዳር ካሉ ማሳዎች ሽንኩርት ጭኖ፣ ደብረ ሲናን ወጥቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ አዲስ አበባ ያደርሳል። ያንን ዳገት የሚያውቅ ሰው ስለ መንገዱ አይነገረውም። ኩርባው ኩርባን ይወልዳል፣ በአንድ በኩል ድንጋይ ነው፣ በሌላው በኩል ምንም የለም። እናቱ ሸዋዬ ልጇ በወጣ ቁጥር ዓይኗ መንገድ ላይ ነው። ስልኳን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ «ዋሻውን አልፌያለሁ» እስኪላት ድረስ እህል አትቀምስም።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። መኪናው ጋራዥ ገባና እዮኤል ሳምንት ቤት አረፈ። በሁለተኛው ቀን ማዛጋት ያዘው፤ ልክ የለውም፣ መንጋጋው እስኪላቀቅ። ከዚያ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ላብ አጠመቀው፣ ቆዳው እንደ ተነጨ ዶሮ ሆነ፣ «አጥንቴን» እያለ ተጠቀለለ። ገብረሚካኤል እጁን ማጅራቱ ላይ አሳረፈና «ይዞታል» አለ። ጤና ጣቢያ ጣቱን ወግተው ሲያዩት ግን ወባ የለም። ገብረሚካኤል ገና ደም ውስጥ አልወጣም ማለት ነው ብሎ፣ ከሳጥኑ የወባ ክኒን አውጥቶ አስጀመረው። ለውጥ የለም።

በሦስተኛው ቀን እዮኤል ከቦርሳው ባዶ የክኒን ማሸጊያ አውጥቶ ለአባቱ ሰጠው። ወባ ሲነሳበት የሚይዘውን ቁርጥማት እንዲያስታግስለት አዲስ አበባ ሐኪም ያዘዘለት እንደሆነና ከዚህ ሌላ የሚያድነው እንደሌለ ነገረው።

ሐሰቱን ነው። ሐኪም የሚባል አላየም። እውነቱ፣ ሹፌሩ እንዳይተኛ ጫት ይቅማል፤ ጫቱ ያነቃዋል እንጂ የጀርባውን ሕመም አያነሳለትም፤ ለጀርባው ሌላ ሹፌር ትራማዶል የሚሉትን ክኒን ሰጠው። የመጀመሪያዋ ፍሬ ዓለምን አለሰለሰችለት። ድካም የለ፣ ጭንቀት የለ፣ ዳገቱ ሜዳ ነው። አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር አረቄ ይጨምርበታል። በወሩ አንድ ፍሬ ምንም አላለችውም፤ ሁለት ሆነች፣ አራት ሆነች። በዓመቱ ክኒኑን የሚውጠው ደስ እንዲለው ሳይሆን እንዳይታመም ነበር። ቤት ሲያርፍ የሚያንቀጠቅጠው፣ ያ ነገር ሲቀርበት ሰውነቱ የሚያሰማው ጩኸት ነው። ደጋ ቢሆን ኖሮ «ይህ ልጅ ምን ነካው?» ይባል ነበር። ሸዋ ሮቢት ነውና ወባ ተባለ።

ገብረሚካኤል ባዶውን ማሸጊያ ይዞ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የሂዳያ መድኃኒት ቤት ሄደ። ሂዳያን ሕፃን ሆና ያውቃታል፤ የወላጆቿን ቤት ሲረጭ ከነመኝታዋ አውጥተው ዛፍ ሥር ያስተኟት ነበር። ማሸጊያውን ገልበጥ አድርጋ አየችና ያለ ሐኪም ወረቀት እንደማትሰጥ ነገረችው፣ ለማን እንደሆነም ጠየቀችው። ገብረሚካኤል ደሙ ፈላ። ለእሱ ወረቀት! ሳይመልስላት ወጣ። በማግስቱ ሚኒባስ ይዞ ካራቆሬ ወረደ፤ ድሮ አብሮት ኬሚካል ይረጭ የነበረ አንድ ሰው እዚያ ከሱቁ ጀርባ መድኃኒት ይሸጣል። ያ ሰው ለገብሬ ወባ ወረቀት አይጠየቅም ብሎ ሁለት ማሸጊያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው። ገብረሚካኤል ተከብሮ ተመለሰ።

እዮኤል ዋጠ። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ ላቡ ደረቀ፣ ተነስቶ ተቀመጠ፣ ሽሮ በላ፣ ከእናቱ ጋር መቀለድ ጀመረ። ሸዋዬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወባ ግን በአንድ ሰዓት አይለቅም። ይህን ከገብረሚካኤል የበለጠ የሚያውቅ ሰው በቀወት አልነበረም። ያን ጊዜ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለና ጠፋ፤ ወይም እሱ አጠፋው። ልጁ ድኖለታል፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?

ከዚያ ወዲህ ካራቆሬ መመላለስ ሥራው ሆነ። ልጁ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር አባት ከኮቱ ኪስ ያወጣለታል። እጁ ላይ መድኃኒት ያለ ሰው ደግሞ ለብቻው አይታከምም፤ የሽንኩርት ገበሬው ጎረቤቱ ሷሊሕ መጥቶ ልጁ ሰዲቅ ከወባ ተነስቶ ቁርጥማቱ አልለቅ ብሎታል ሲለው፣ አራት ፍሬ ቆጥሮ ሰጠው። ሰዲቅም የእዮኤል እኩያ ነው፣ ሹፌር ሲጠፋ እየተጠራ የሰው መኪና የሚነዳ። በማግስቱ ሷሊሕ በመንገድ አግኝቶት ዱዓ አዘነበለት። ገብረሚካኤል ያን ቀን ቀና ብሎ ዋለ።

እዮኤል ግን እየከሳ ሄደ። አፍንጫውንና ደረቱን ያካል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን የጎመንዘር ፍሬ አክላ ትውላለች። አንድ ቀን ሸዋዬ ሽንኩርት እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ ይህ ወባ ልጁን የሚይዘው ቤት ሲያርፍ ብቻ ለምንድን ነው ብላ ጠየቀች። መንገድ ላይ ለምን አይዘውም? ገብረሚካኤል ሴት ልጅ ስለ ወባ ታስተምረኝ ብሎ ተቆጣ።

ጥር ላይ፣ ምሳ እየበሉ ሳለ፣ የእዮኤል እጅ ከመሶቡ ሳይመለስ ቀረ። አንገቱ ወደ አንድ ጎን ተጠመዘዘ፣ ወደ ኋላው ወደቀ፣ ሰውነቱ ሁሉ ይፈራገጥ ጀመር። አረፋ ደፈቀ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ለሸዋዬ ግን ልጇን አንድ ጊዜ የቀበረችበት ጊዜ ነው። ገብረሚካኤል ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ ብሎ ባጃጅ ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ አበረረው።

የጤና መኮንኑ ታምራት ደሙን ሁለት ጊዜ አስመረመረ። ንጹሕ ነው፣ ወባ የለበትም። ከዚያ ገብረሚካኤልን ለብቻው አስወጥቶ ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ወይም ሌላ ነገር እንዳለ ጠየቀው። ማሸጊያው በዚያች ደቂቃ ገብረሚካኤል ኮት ኪስ ውስጥ ነበር፤ በጣቱ ይነካዋል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ስሙ ፊቱ ላይ ተደቀነ።

«ምንም አይወስድም» አለ።

ታምራት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንዲታይ ወረቀት ጻፈለትና ታይቶ እስኪጨርስ መሪ እንዳይጨብጥ አስጠነቀቀ። እዮኤል ግን ከጤና ጣቢያው በር ሳይርቁ ደህና ነኝ ማለት ጀመረ። ሽንኩርቱ ተነቅሎ ማሳ ላይ ተከምሯል፣ በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን አይቆይም፣ ሰኞ ይጫናል። ሰኞ ይሄዳል።

እሑድ ገብረሚካኤል እንቅልፍ ያልነካው ዓይኑን ይዞ ሂዳያ ዘንድ ሄደ። ሰው እስኪወጣ ጠብቆ ማሸጊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ይህ ነገር ምን እንደሆነ፣ ሳትደብቅ እንድትነግረው ለመናት። ሂዳያ አላየችውም፤ ማሸጊያውን ነው ያየችው።

«ጋሼ፣ ይህ ከሞርፊን ወገን ነው» አለች። «ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ ለከባድ ሕመም፣ ሐኪም ለክቶ ለጥቂት ቀን የሚሰጠው። ዝም ብሎ ሲወሰድ አንጎል ይለምደዋል፤ አንዱ አልበቃ ይላል፣ ይጨመራል። ሲቀርበት ያዛጋል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል። ልክ ወባ ነው የሚመስል። ሲበዛ ደግሞ ይጥላል፣ ያንፈራግጣል። ከአረቄ ጋር ከሆነማ ትንፋሹ እያነሰ እያነሰ ተኝቶ ይቀራል። እስተዛሬ ስንት ደርሷል ልጅዎ?»

«በቀን አሥር» አለ ገብረሚካኤል። ስለ ልጁ መሆኑን አልነገራትም ነበር።

በአንድ ጊዜ ማቆምም እንዳይሞክሩ፣ እሱም እንደሚጥል፣ እየተቀነሰ በሐኪም እጅ መሆን እንዳለበት ጨምራ ነገረችው። ውሃ እንኳ እንዲቀምስ አንድ ብርጭቆ ሰጠችው። ሳይቀምሰው ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ልጁን በገዛ እጁ፣ በገዛ ኪሱ፣ እያመሰገኑት ሲያሳምም እንደከረመ አሁን ገባው። አፈረ፤ እንዲህ ያለ ሐፍረት በዕድሜው አያውቅም።

ሰኞ ዕለት ወንዝ ዳር ሲደርስ አይሱዙው ተጭኖ ሸራ እየለበሰ ነበር። እዮኤል መሪው ላይ ተቀምጧል፤ አባቱን ሲያይ ፊቱ በራ፣ እጁንም በመስኮት ዘረጋ። ገብረሚካኤል ክኒን የሚጠብቀውን እጅ አልፎ፣ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ አወጣና ወደ ፈይሰል ሄዶ፣ ጫኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣ ልጁ የሚጥል ሕመም እንደያዘውና እንደማይነዳ ነገረው። እዮኤል በሰው ፊት አዋረድከኝ ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ ወርዶ የመኪናው ጎማ ሥር ቁጭ አለ። ፈይሰል ክፉ ሰው አይደለም። እግዜር ይማርህ አለው፣ ቁልፉን ተቀበለ፣ ሽንኩርቱ ሳይበሰብስ የሚያደርስለት ሌላ ሹፌር ፍለጋ ስልኩን አወጣ።

ገብረሚካኤል የዚያኑ ዕለት ለታምራት ሁሉንም ተናዘዘ። ታምራት አልተቆጣውም፤ ቢቆጣው ይሻለው ነበር። ከደብረ ብርሃን ሐኪሞች ጋር በስልክ ተመካክሮ፣ መጠኑ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ጠዋት ጠዋት እዚያው ጤና ጣቢያ ፊቱ እንዲውጥ ወሰነለት። ቤት ውስጥ አንዲትም ፍሬ እንዳትገኝ አለ። ገብረሚካኤል ኪሱን ገልብጦ አስረከበ።

ቤት ከገቡ በኋላ የሆነው ግን ለማንም ባይነገር የሚመረጥ ነው። ልጁ ተኝቶ ይራገጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ተነስቶ የአባቱን ኮት ይፈትሻል፣ አጥቶ ይሳደባል፣ ተሳድቦ ያለቅሳል። ሸዋዬ ላቡን ትጠርጋለች። በአራተኛው ቀን ጥቂት እንቅልፍ ወሰደው፣ አጥሚት ቀመሰ። ታምራት ይህን ሲሰማ መንገዱ እንደተያዘ ነገራቸው።

እዚያ አገር ደግሞ ሰው ታመመ ከተባለ በር አይዘጋም። ጎረቤት ብርቱካኑን፣ ፓፓያውን ይዞ ይመጣል፣ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፣ «ወባው እንዴት ነው?» ይላል። ሸዋዬ ባሏን ታየዋለች። ገብረሚካኤል በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ ሰዎቹ ሁሉ በአክብሮት ሲያዩት አየና «እየለቀቀው ነው» አለ። በሁለተኛው ቀን ያንኑ አለ። ለሐኪም መናገር አንድ ነገር ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት በሩን ለከፈተለት ሰው መናገር ሌላ ነው። ሲድን እነግራቸዋለሁ እያለ ራሱን ደለለ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሷሊሕ መጣ። እጁ ላይ ሁለት ትልልቅ ፓፓያ፣ ፊቱ ላይ የምሥራች የያዘ ሰው ፈገግታ። አላህ ያሽርህ ብሎ የእዮኤልን ግንባር ዳሰሰ፣ ተቀመጠ፣ ስለ ማሾ ሰብሉና ስለ መስኖው ጥቂት አወራ። ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣና ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው። ጋዜጣው በራሱ ተገለጠ። እዮኤል አየው። ዓይኑ እዚያው ላይ ተተከለ፣ እጁም ወደ ጋዜጣው ሄደ።

ገብረሚካኤል ከልጁ እጅ ቀድሞ ማሸጊያዎቹን አፈሰና ከየት እንዳመጣቸው ጠየቀ።

«ካራቆሬ ነዋ፣ ካንተው ሰው» አለ ሷሊሕ። «የገብሬ ጎረቤት ነኝ ስለው ወላሂ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ሰዲቅን ያዳንክልኝ በዚህ አይደል? ያ ወባው እየተመላለሰ አስቸግሮት፣ ይኸው ሦስት ወሩ፣ በዚህ ነው የሚቆም። ያንተ እዮኤል ተኝቷል ሲሉኝ ምናልባት አልቆበት ይሆናል ብዬ ከልጄ ድርሻ ቀንሼ አመጣሁ።»

ሸዋዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ሰዲቅ አሁን የት ነው?» አለ ገብረሚካኤል።

«መኪና ላይ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እዮኤል ሲተኛ ፈይሰል የጠራው እሱን አይደል እንዴ፤ ዛሬ ሦስተኛ ጉዞው ነው። ቅድም ጭኖ ወጣ። ይኸን ጊዜ ዳገቱን ይዞ ይሆናል።»

«ክኒኑን ወስዷል?»

«ስድስት» አለ ሷሊሕ፣ ጥያቄው ገርሞት። «ጠዋት ስድስት ዋጠ። አሁን አሁን ከዚያ ሲያንስ አይሠራለትም።»

እዮኤል ከአልጋው ቀና አለ። ደብረ ሲና ላይ የሚያውቀው ትራፊክ ፖሊስ አለ፤ ቁጥሩን ፈልጎ፣ ደውሎ ለአባቱ ሰጠው። «ዋሻው ሳይደርስ ያስቁመው፣ አባዬ» አለ። «ዳገቱ ላይ ነው የሚጥለው። እኔ አውቀዋለሁ።»

ስልኩ ተነሳ። ገብረሚካኤል የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ልጁ እየነገረው ነገረ፣ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ እንደሆነም ነገረ። ፖሊሱ ሹፌሩ ምን አጥፍቶ ነው የሚቆመው ብሎ ጠየቀ። ሷሊሕ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል። ገብረሚካኤል እሱን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከዚያ መልሶ ወደ ሷሊሕ ዞረ፣ ምክንያቱም ይህን ለግድግዳ መናገር አይቻልም።

«ሹፌሩ ምንም አላጠፋም» አለ። «የሚጥል ክኒን ውጧል። ወባ ነው ብዬ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። የሷሊሕንም፣ የራሴንም ልጅ። ወባ አይደለም። ኖሮም አያውቅም።»

ስልኩ ውስጥ ፖሊሱ አጠገቡ ካለ ሰው ጋር ሲነጋገር ይሰማል፤ ስለ አይሱዙው፣ ስለ ሰዓቱ። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ። መኪናው ከሃያ ደቂቃ በፊት እንዳለፈ፣ ሹፌሩም እጁን አውጥቶ ሰላም እንዳላቸው፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጣርማ በር የሚያስቆመው ኬላ እንደሌለ፣ ሞተር ብስክሌት አስነስቶ እንደሚከተለው ነገረው። መስመሩ ተዘጋ።

ሷሊሕ የራሱን ስልክ አውጥቶ ይደውላል፣ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ አውርዶ ያያል፣ እንደገና ይደውላል።

«ምን አለህ?» አለ፣ እየደወለ። «ገብሬ፣ አገኙት?»

ገብረሚካኤል ሃያ ስምንት ዓመት ለሰው ሁሉ መልስ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነበር። ለሷሊሕ ግን የነገረው ፖሊሱ ያለውን ብቻ ነው፦ «አልፏል፤ በሞተር እየተከተሉት ነው።»